ፕላዝማ የገባበት ዓመት

ባለፈው ክረምት ላሊበላ ገበያ አጠገብ ካለ የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ዝናብ ተጠልዬ ነበር። ከገጠር የመጡ ሰዎችም ጋቢያቸው እንደረጠበ ከጎኔ ቆመዋል። ጠጋኙ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ከፍቶ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው፣ ለዓመታት ከሆዱ ተኝቶ የኖረው አቧራ መሞቅ ጀመረና ሽታው ወጣ። የተቃጠለ ነገር ሽታ አይደለም፤ ሊቃጠል ብሎ የተወ ዓይነት፣ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው። ከእርጥብ ጋቢ ሽታ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ለኔ ሌላ ስም የለውም፤ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከዚያ ደጃፍ ቶሎ አልሄድሁም።

ቀያችን ከከተማው በላይ፣ ከገብስና ከባቄላ በቀር ሌላ እህል በማይደፍረው ደጋ ላይ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርሁት እዚያው ነበር። ዘጠነኛን ለመማር ግን ከተማ ወርዶ ቤት መከራየት ግድ ነው። ከአጎቴ ልጅ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። አባቴ አያሌው በሶውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን በአህያ ጭኖ አወረደልን።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ አባቴ ሌላ ሰው ሆነብኝ። በአገራችን አባቴ ድምፁ ከፍ ያለ ሰው ነው፤ ለቀበሌ ሊቀመንበርም ሆነ ለነገረኛ ጎረቤት አንገቱን አይደፋም። ያን ዕለት ግን ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ የኮታቸው ክርን የተጣፈ፣ ቀጭን ሰው ከቢሮው በኩል ብቅ ሲሉ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጋቢውን አደገደገ፣ ከመንገዱም ወጣ ብሎ ቆመ። ሰውየው ብብታቸው ሥር የወይራ ዱላ ሸጉጠዋል።

«ጋሸ፣ እንደምን አደሩ።»

ሰውየው ቆም ብለው አዩት። «አያሌው ነህ?»

«ነኝ ጋሸ። ልጄን ይዤልዎ መጣሁ። ከዓይኗ በቀር የእርስዎ ናት።»

በኛ አገር ወላጅ ልጁን ለመምህር ሲያስረክብ እንዲህ ይላል፤ ዓይኗን አያጥፉብኝ እንጂ ሌላውን እንደፈለጉ ይቅጧት ማለቱ ነው። ሌሎቹ መምህራን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ሰውየው፣ መምህር ይመር፣ ግን አልሳቁም። እኔን አዩኝ፣ እንደገና አባቴን አዩት፣ ከዚያ ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደመጡበት ተመለሱ።

ወደ ቤት ስንሄድ «ማን ናቸው?» አልሁ።

«አስተማሪየ ነበሩ፤ አራተኛ ክፍል» አለ አባቴ፣ ወዲያው ስለ አህያው ጭነት ማውራት ጀመረ።

አባቴ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠው ለእርሻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ የሚለው እንደዚያ ነው። እኔ በልጅ ልቤ የደረስሁበት ግን ሌላ ነበር። አባቴ እኝህን ሰው አንድ ነገር በድሏቸዋል፤ ሰድቧቸው ወይም ሰርቋቸው ይሆናል፤ እኔን ያመጣላቸው እንደ ካሳ ነው አልሁ። ያን ሳስብ እንቅልፌ ጠፋ።

ፕላዝማ የገባው ያን ዓመት ነው። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰፊ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ተሰቀለ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ ዘጠነኛ ክፍል ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያስተዋውቃል፣ ሳጥኑን ይከፍታል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያጠቃልላል። በመሐሉ ሥራው ከኛው ጋር ቆሞ ማየት ነው።

በስክሪኑ የምትመጣው የሒሳብ መምህርት ቆንጆ ነበረች። ፀጉሯ አጭር፣ ጥርሷ ነጭ ነው፤ ስታወራ በቀጥታ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ታየናለች ብዬ አምኜ ነበር። ስለዚህ ሒሳብ ባለበት ቀን የታጠበውን ነጠላዬን እለብሳለሁ፣ ሳዛጋ አፌን እሸፍናለሁ። ጥያቄ ስትሰጠን በስክሪኑ ጥግ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ያልቃል። ያኔ ፈገግ ትልና «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። ማንም አልመለሰም እኮ! ሌላ አገር ያሉ ልጆች መልሰውላት ይሆናል፤ እኛ ግን እያየችን አሳፈርናት ብዬ አንገቴን እደፋለሁ።

ለስንቅ ወደ ቀያችን ስወጣ ለእናቴ ነገርኋት።

«ማንም ሳይመልስላት ምን ትላለች?»

«ቬሪ ጉድ።»

«እውነቷን ነው። ጉድ ነው እንጂ!» አለች እናቴ ባቄላዋን እየፈለፈለች።

ከመካከላችን ያቺን ሴት የሚከተላት ዳዊት ብቻ ነበር። አባቱ አስጎብኚ ነው፤ ዳዊትም ከፈረንጅ ጋር እያወራ ነው ያደገው። ኋላ ላይ እሷ ስትጠይቅ ጮክ ብሎ ይመልስላት ጀመር፤ እኛ የገጠሮቹ ደግሞ የዳዊትን አፍ እያየን ደብተራችን ላይ የሰማን የመሰለንን እንጽፋለን።

የፊዚክስ መምህራችን ሳምሶን ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቱ ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ ጂንስ ይለብሳል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ «ሳሚ በሉኝ» ይላል። ዱላ የሚባል አይዝም። አንድ ቀን አስነስቶ ጠየቀኝና እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ስመልስ፣ «ብርቄ፣ የምታወሪው ከኔ ጋር ነው ወይስ ከወለሉ ጋር? ቀና ብለሽ እይኝ» አለኝ። ቤታችን ውስጥ ትልቅ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው፤ እዚህ ደግሞ አለማየቱ ጥፋት ሆነ። ለየትኛው ልታዘዝ? ብዙ ካሰብሁ በኋላ መካከለኛውን መረጥሁ፤ አገጩን ማየት ጀመርሁ።

የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ የሚይዙት መምህር ይመር ጋ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለም። ሲገቡ እንነሳለን፣ ቁጭ በሉ ሲሉ እንቀመጣለን። ያወራ፣ ያረፈደ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ መዳፉን ይዘረጋል። ከኔ በስተቀር። አንድ ጠዋት የአጎቴ ልጅና እኔ ከሌሎች ጋር አርፍደን በር ላይ ተሰለፍን። መዳፋችንን ዘረጋን። መምህር ይመር ከዳር ጀምረው አንድ አንድ እያሉ መጡና እኔ ጋ ሲደርሱ ዱላው ቆመ። «አንቺ ግቢ» አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ። የአጎቴ ልጅ መዳፍ ከኔ ቀጥሎ ጮኸ። እኔ እጄን አየር ላይ እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

ልጆቹ «ዘመዷ ናቸው» አሉ። እኔ ግን ሌላ ነው የገባኝ። መምህር የሚመታው ሰው ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደረገበትን ልጅ ነው፤ አባቴም እናቴም እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እኔን ገና ሳይጀምሩ ተስፋ ቆርጠውብኛል ማለት ነው። በአባቴ ጥፋት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ያን ዓመት ለመመታት የተመኘሁ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፕላዝማው በርቶ ሳለ መምህር ይመር ጠመኔያቸውን ይዘው ከሳጥኑ ጎን ይቆማሉ። ሴትዮዋ ያለችውን አንድ ነገር በአማርኛ ሊያስረዱን ዞር ሲሉ እሷ ሌላው ላይ ደርሳለች። ተመልሰው ሊደርሱባት ይሮጣሉ፤ እሷ አትጠብቅም። ገበያ ግርግር ውስጥ ልጁ የጠፋበት ሰው ይመስሉ ነበር።

አንድ ቀን ሰዓቱ ቆጥሮ ጨረሰ፤ ሴትዮዋም «ቬሪ ጉድ» አለች። መምህር ይመር ወደ ሳጥኑ ሄደው ጥፍት አደረጉት። የሞቀው አቧራ ሽታ ብቻ ቀረ።

«ስለ ምን ነበር ያወራችው?» አሉ።

እኛ የገጠሮቹ ደብተራችን ላይ አቀረቀርን።

ሰሌዳው ላይ አንድ ተራራ ሣሉ። «ይህ አሸተን ነው እንበል። ከዚህ ከተማ ተነስታችሁ ወደዚያ ስትወጡ ወደ ፊት ትሄዳላችሁ፤ ወደ ላይም ትሄዳላችሁ። ወደ ፊት ትንሽ ሄዳችሁ ወደ ላይ ብዙ ከወጣችሁ ጉልበታችሁ ምን ይላል?»

«ይንቀጠቀጣል!» አልን።

«እሷ ይህን ነው በቁጥር የምትጽፈው። ወደ ላይ የወጣችሁትን ወደ ፊት ለሄዳችሁት ማካፈል ነው። በቃ።»

እኔ ያን ዳገት በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክሜ የምመላለስበት ነኝ። ቁጥሩ ከእግሬ ተነስቶ ወደ ራሴ ሲወጣ ተሰማኝ። ስክሪኑ ላይ ተጋድሞ ያየሁት መስመር ሁሉ መንገድ ሆነ።

ይሄኔ ዳዊት ተነሳ። «ጋሽ ይመር፣ ፕሮግራሙ እያለፈብን ነው። ፈተናው የሚመጣው ከእሱ ነው።»

«ተቀመጥ።»

«መብታችን ነው እኮ!»

መምህር ይመር ዱላውን አንስተው ወደ እሱ ሄዱ። የመጀመሪያው ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ሲመጣ ዳዊት ዱላውን ያዘው። አልታገላቸውም፤ አልገፋቸውም፤ ዝም ብሎ ያዘው። «መምታት አይቻልም» አለ። ተማሪ የመምህሩን ዱላ ሲይዝ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ጣሪያው የሚወድቅብን መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ መምህር ይመር ዱላውን ለቀው፣ ባዶ እጃቸውን ወደ በሩ እየሄዱ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወላጆች ተጠሩ። ሰው በዝቶ የተሰበሰብነው ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ነው። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን አስረዱና፣ መምህር ይመር ከክፍል ወጥተው ቤተ መጻሕፍት እንዲመደቡ ሐሳብ መቅረቡን ተናገሩ። ከዚያ ዳዊት እንዲናገር ተፈቀደለት።

«መምህር ይመርን አልጠላቸውም» አለ። «ግን ሲመቱኝ የማውቀውም ይጠፋኛል። ፕላዝማውንም ያጠፉብናል።»

አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ወይ የዘንድሮ ልጅ! መምህሩን ሸንጎ ያቆማል?» አለች። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ሳምሶን ተነስቶ፣ ልጆቹ መናገራቸው ነውር አይደለም፣ እኛ ነን እንዲናገሩ ያስተማርናቸው ቢልም የሚሰማው ጠፋ።

ያኔ አባቴ ተነሳ። ጋቢውን አደግድጓል።

«እኛ ልጆቻችንን የሰጠናችሁ ልትቀጧቸው ነው» አለ። «እኛም በዱላ ነው ያደግን። መምህር ይመር ጥፋት አለባቸው ከተባለ እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ልጄን እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አልመቱልኝም አሉ። ቅር ብሎኛል።»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መምህር ይመር አልሳቁም። ቀስ ብለው ተነሱ። «አያሌው፣ ቁጭ በል።»

«እርስዎ ቆመው እንዴት እቀመጣለሁ?»

«እንግዲያው ቆመህ ስማ።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ይህን ሰው አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ያኔ የዚህ የሳምሶን እኩያ ነበርሁ፤ አገሩን ሁሉ በዱላ የማቀናው ይመስለኝ ነበር። ከልጆቹ ሁሉ ጎበዙ እሱ ነበር። አንድ ጠዋት አርፍዶ መጣ። ለምን አረፈድህ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እግሩ እስኪያብጥ መታሁት። ወንዙ ሞልቶበት እስኪጎድል ሲጠብቅ እንደቆየ በኋላ የነገሩኝ ሌሎቹ ልጆች ናቸው። እሱ ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያ ወዲያም አልመጣም።»

አባቴን አንድ ጊዜ አይተው ቀጠሉ።

«ዘንድሮ ልጁን ይዞ 'ከዓይኗ በቀር የእርስዎ ናት' ሲለኝ፣ እሷ ላይ እጄ አልነሳልህ አለኝ። ሌሎቹን ለምን እንደምመታ ግን ብትጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም። የተማርሁትም ያስተማርሁትም በዚሁ ነው። ያቺ ሳጥን ውስጥ ያለችው ሴት ገባችሁ ወይ ብላ ሳትጠይቅ ታልፋለች ብዬ ተናድጄ አጠፋኋት። እኔስ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?»

አባቴ «ኧረ ጋሸ! እኔ ለእርሻ ብዬ ነው የተውሁት» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። መምህር ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ።

ብዙ ክርክር ሆነ። መጨረሻ ላይ ሳምሶን፣ «ጋሽ ይመር ከፈቀዱልኝ» ብሎ ጀመረና፣ ፕላዝማው በሰዓቱ ይሂድ፣ እኛ ጠዋት የምንማረው ከሰዓት በኋላ ተመልሰን መጥተን ያልገባንን ከሳቸው ጋር በአማርኛ እንድንከልስ፣ እሱም አብሯቸው እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ዳዊት እጁን አውጥቶ እንግሊዝኛውን አግዛለሁ አለ። ርዕሰ መምህሩ ተስማሙ። ዱላውን በተመለከተ ግን ወላጆች ሳይስማሙ ተበተኑ፤ ልጅ ያለ ቅጣት አያድግም እያሉ እያጉረመረሙ የሄዱ ብዙ ነበሩ። መምህር ይመር በዚያ ላይ ቃል አልሰጡም። ከዚያ በኋላ ግን ዱላቸው ሰሌዳ ላይ ማመልከቻ ሆነ። ክፍሉ ሲንጫጫ አንዳንዴ ድንገት ከፍ ይልና ራሳቸውም እንደታዘቡት ሁሉ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

አባቴን እስከ ዳገቱ ሥር ሸኘሁት። መጨረሻ ላይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«በዱላው ብቻ አይደለም የቀረሁ» አለ፣ እኔን ሳያይ። «ሲመቱኝ ልጆቹ ፊት አለቀስሁ። እሱ ነው ያሳፈረኝ። ሁለት ሦስት ቀን ቀርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው ያን ዳገት ወጥተው እኛ ቤት መጡ። ሳያቸው ሮጬ ከገብሱ ክምር ኋላ ተደበቅሁ። ሁሉንም ሰማሁ። አባቴን ለመኑት። 'ልጁ ጎበዝ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ፣ ይላኩልኝ' አሉት። አባቴ ምን አለ መሰለሽ? 'ዱላ የጠላ ልጅ ሞፈር ይልመድ።' እሳቸው ደጁ ላይ ብዙ ቆሙ። ብወጣ ኖሮ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። አልወጣሁም። አባቴን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ያን ጊዜ አባቴን አልነበረም የፈራሁ። ያለቀስሁትን ያዩ ልጆችን ነው።»

አባቴ በድሏቸዋል ብዬ የኖርሁበት ነገር ይህ ነበር።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገራቸውም?» አልሁ።

«እኔ ምን አውቄ? ይህን ሁሉ ዘመን ስለ እኔ መቅረት ራሳቸውን ሲወቅሱ እንደኖሩ ዛሬ ነው የሰማሁ» አለና ተነስቶ ዳገቱን ያዘው።

ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ አንድ ቅል ማር ይዞ ወደኔ ቤት መጣ። «ነይ ቤታቸውን አሳይኝ» አለ። ብቻውን መሄድ እንደከበደው ገባኝ።

መምህር ይመር በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። አባቴን ግድ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። እኔ ከደረጃው ሥር ቆምሁ። አባቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቶቹ አወራ። ከዚያ ድንገት፣ ያወራ የነበረውን ሳይጨርስ፣ «ያን ዕለት እኛ ቤት ሲመጡ እኔ ከክምሩ ኋላ ነበርሁ» አለ። «ሲለምኑ ሰምቻለሁ። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ ጋሸ። በእርስዎ የመጣ አይደለም።»

መምህር ይመር ጋዜጣውን አጠፉት። ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አውቅ ነበር» አሉ።

አባቴ ቀና አለ።

«ውሻችሁ እኔን ትቶ ጅራቱን እየቆላ ወደ ክምሩ ይሄድ ይመለስ ነበር። እንግዳ ላይ ያልጮኸ ውሻ ማንን እንዳገኘ አይጠፋኝም። ሄጄ እጅህን ይዤ ላወጣህ አስቤ ነበር። ግን በቀደም በዱላ መትቼህ፣ ዛሬ ደግሞ በጉልበት ልጎትትህ? ራሱ ይውጣ አልሁ። ያን ያህል የቆምሁት አባትህን ስጠብቅ መሰለህ? አንተን ነበር እኮ የምጠብቅ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ ከቆምሁበት አይለይም። ቀና ሲል ፊቱ ረጥቧል፤ አፉ ግን ይስቃል።

«ወይኔ ጋሸ! ምነው አንዴ በስሜ በጠሩኝ!»

«እኔም እሱን ስል ኖርሁ» አሉ መምህር ይመር። ከዚያ ሳቅ ባለበት ድምፅ፣ «አሁንስ ብጠራህ ትወጣለህ?» አሉት።

አባቴ ዘወር ብሎ በእጁ ጠቀሰኝ። ወደ ደረጃው ስጠጋ ክንዴን ይዞ ከፊቱ አቆመኝ።

«እኔማ እዚያው ቀረሁ» አለ። «ይችን ግን ይኸው አወጣሁልዎ።»

መምህር ይመር ጋዜጣቸውን አስቀምጠው እየተጣደፉ ወደ ውስጥ ገቡና ለእኔ ወንበር ይዘው ወጡ።